አልፋው 0.9 ነው፣ ፈተናው ግን ምንድነው የለካው?

የቴሲስ ዲፌንስ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። ኤጁኬሽን ላይ ማስተርስ የሚሰሩ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው አስተማሪ የሆኑ ሰዎች ዳታቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። "ቲቸር ይቺን ነገር ይዩልኝ እስቲ፣ ሲግኒፊካንት አልመጣ አለኝ" ይላሉ። ድሮ ፊዚክስ አስተምር ስለነበር ቲቸር የሚለው ስም አልለቀቀኝም፣ ቁጥርም ስለምወድ ማኪያቶ እስከታዘዘልኝ ድረስ እምቢ አልልም።

ፋይሉ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጾታ፣ ዕድሜ፣ የመንግስት ወይ የግል ትምህርት ቤት፣ ከዛ ፕሪ ቴስት፣ ፖስት ቴስት፣ አለቀ። ሳምፕሉ ደሞ 385፣ 390፣ 396 ምናምን ነው፣ ምክንያቱም ሀገሩ ሁሉ ስንት ሰው ይጠና የሚለውን ለማስላት የያማኔን ፎርሙላ ነው የሚጠቀመው፣ ፎርሙላው ደሞ ኤረሩን 0.05 ካላችሁት ፖፑሌሽኑ 10 ሺህ ሲሆን 385 ይሰጣችኋል፣ 10 ሚሊዮን ብታደርጉትም ከ400 አያልፍም። አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ልጆች አንድ አስተማሪና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ስለሚጋሩ ውጤታቸው እንደሚመሳሰል ፎርሙላው አያውቅም፣ በሱ ጉዳይ ሌላ ቀን እንጣላለን።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው። "ፈተናውን አንተ ራስህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ ሰርተኸዋል?" እላለሁ። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። አንዱ "ኧረ ስታንዳርዳይዝድ ነው፣ ከሌላ ቴሲስ ነው የወሰድኩት" ይላል፣ ሌላዋ "እኔ ሳይኮሎጂ ነው ያጠናሁት፣ ሂሳቡን የክፍሉ አስተማሪ ነው ያወጣው" ትላለች። "ቫሊዲቲውስ?" (ይለካል የተባለውን ነው ወይ የሚለካው ማለቴ ነው) ስል "ሶስት ኤክስፐርቶች አይተውታል፣ አልፋው ደሞ 0.9 ነው" ነው መልሱ። አልፋ የፈተናው ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ወደ 1 ሲጠጋ ጥሩ ይባላል፣ 0.9 ከሆነ በቃ ሰው ሁሉ ይረጋጋል። ይሄ ጽሁፍ እሱን መረጋጋት ትንሽ ለመረበሽ ነው፣ ምክንያቱም እኔ እስከማየው ድረስ በቁጥር የሚሰራ የትምህርት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ስታቲስቲክሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው፣ የሚለካውን ሳብጀክት በደንብ የሚያውቅ ሰው ጥያቄዎቹን ቁጭ ብሎ ሳያያቸው ሲቀር።

እስቲ በአስርዮሽ ቁጥር እንጀምር፣ ዲሲማል የምንለው። ለስድስተኛ ክፍል ልጆች "ከሁለቱ ቁጥሮች ትልቁን አክብቡ" የሚል ፈተና አወጣችሁ እንበል። 0.4 እና 0.65። 2.7 እና 2.81። 0.3 እና 0.752። 5.1 እና 5.46። እንዲህ እያላችሁ ሀያ ጥያቄ ሞላችሁ። አሁን አንድ ልጅ አለ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ተራ ሙሉ ቁጥር ነው የሚያየው፣ 65 ከ4 ይበልጣል፣ 81 ከ7 ይበልጣል፣ 752 ከ3 ይበልጣል፣ ስለዚህ ረጅም ረጅሙን እያከበበ ይሄዳል። ሀያ ከሀያ! ሌላዋ ደሞ ክፍል ውስጥ "አስረኛ ከመቶኛ ይበልጣል" ሲባል ሰምታለች፣ የሰማችው ግን ግማሹን ነው፣ ስለዚህ አጭሩ ሁሌ ትልቅ ይመስላታል፣ 0.4ን፣ 2.7ን፣ 0.3ን እያለች አጭር አጭሩን ታከብባለች። ዜሮ ከሀያ። ሁለቱም ዲሲማል አልገባቸውም። እንደውም እኔን ከጠየቃችሁኝ ዜሮ ያመጣችው ለነገሩ ትንሽ ትቀርባለች፣ ቢያንስ የቦታ ዋጋ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምታለች።

ይሄን ዳታ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አስገቡት። አንዱን ያገኘ ሁሉንም ያገኛል፣ አንዱን የሳተ ሁሉንም ይስታል፣ ስለዚህ ክሮንባክ አልፋ ወደ 1 ይጠጋል፣ መጽሐፎቹ ላይ "ኤክሰለንት" የሚባለው። ሀያው ጥያቄ እጅ ለእጅ ተያይዞ አንድ ነገር እየለካ ነው፣ የሚለካው ግን ልጆቹ የያዙትን የተሳሳተ ህግ ነው። ሪላያቢሊቲ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸው፣ እንግዲህ ይሄን ያህል ነው የሚነግራችሁ፣ የምትለኩት ነገር ምን እንደሆነ አይነግራችሁም።

ይባስ ብሎ አንድ ነገሩ የገባው ሰው መጥቶ ከሀያው አምስቱን ቀይሮ 4.8 እና 4.63፣ 0.5 እና 0.36 ዓይነት ቢያደርጋቸውስ? ሀያ ያመጣው ልጅ አምስቱንም ይስታል፣ ዜሮ ያመጣችው አምስቱንም ታገኛለች። አምስቱ አዲስ ጥያቄዎች ከጠቅላላ ውጤቱ ጋር ያላቸው ኮሪሌሽን ኔጌቲቭ ይሆናል፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል ማለት ነው። ከዛ ሶፍትዌሩ ያቺን የታወቀች ሰንጠረዥ ያወጣላችኋል፣ ይሄ አይተም (ጥያቄ) ቢሰረዝ አልፋው ስንት ይሆናል የምትለዋን፣ እና ሰርዙ ብሎ የሚጠቁማችሁ ፈተናው ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ደህናዎቹን አምስቱን ነው። አድቫይዘርና ሶፍትዌር ተስማምተው ያስጥሏችኋል። ግማሽ በግማሽ ብታደርጉት ደሞ ረጅም የሚወደውም አጭር የምትወደውም አስር አስር ከሀያ ያመጣሉ፣ ከጎናቸው ጥያቄውን ሳያነብ በግምት የሞላውም ልጅ አስር አካባቢ ያመጣል። ሶስት ጨርሶ የማይገናኙ ጭንቅላቶች፣ አንድ ቁጥር፣ 50 ፐርሰንት። ሪግሬሽኑ ውስጥ ሶስቱም አንድ ሰው ናቸው።

ይሄ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።) ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬይ ስቴሲ እና ቪኪ ስታይንል የሚባሉ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዲሲማል ማወዳደር ላይ ብቻ ብዙ ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ፈተናቸው ላይ ጠቅላላ ውጤት ብቻ አይደለም የሚታየው፣ የትኛውን ዓይነት ጥያቄ አገኘ የትኛውን ሳተ ተብሎ ልጁ የሚመደበው በመልሶቹ ቅርጽ ነው። እንደዛ ያለ ፈተና ለማውጣት ልጅ ዲሲማልን በስንት መንገድ እንደሚያጣምመው ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፣ እሱን ደሞ የስታቲስቲክስ ኮርስ ላይ አታገኙትም።

እኛ ጋ ብዙ አስተማሪ ዲሲማልን በብርና ሳንቲም ያስተምራል፣ ጥሩ ነው፣ ልጁ የሚያውቀው ነገር ነው (ሳንቲም አሁን ምን ይገዛል ካላላችሁኝ)። አሁን አንድ ሰው "በብርና ሳንቲም ማስተማር በዲሲማል ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ" ብሎ ኤክስፐሪመንት ሰራ እንበል፣ ፖስት ቴስቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ደሞ 3.25 እና 3.50 ዓይነት ሁለት ሁለት አሃዝ ያላቸው ብቻ ናቸው። ኢፌክት ሳይዙ፣ ማለትም የለውጡ መጠን፣ ያምራል። ልጁ ግን 3.25ን 325 ሳንቲም አድርጎ ነው ያየው፣ ያወዳደረው ሙሉ ቁጥር ነው፣ 3.2 እና 3.196 ስትሰጡት ይጠፋዋል፣ ሺኛ የሚባል ሳንቲም አይቶ አያውቅማ። ፈተናውና ትምህርቱ አንድ ጉድለት ስለሚጋሩ ጉድለቱ አይታይም። ስታቲስቲሺያን ይሄን ከየት ያውቃል? ራንደማይዜሽኑ ንጹህ ነው፣ ፒ ቫልዩው ቆንጆ ነው።

ቤኒ የሚባለው ልጅ ታሪክም እዚህ ጋ ይመጣል። በ1973 ኤርልዋንገር የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ቁጭ አድርጎ አወራው። በዛን ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ቡክሌት በራሱ ፍጥነት እየሰራ፣ አጭር ፈተና እየወሰደ፣ 80 ፐርሰንት ካመጣ ወደሚቀጥለው የሚያልፍበት ፕሮግራም ነበር፣ ቤኒ ደሞ ከጎበዞቹ የሚመደብ ነው። ቁጥሩን ብቻ ብታዩ የፕሮግራሙ የስኬት ማሳያ ነው። ተመራማሪው ግን "2/10ን በዲሲማል ጻፍልኝ" ሲለው ቤኒ 1.2 አለ። 5/10 ሲለው 1.5። 400/400 ስንት ነው? 8.00። ልጁ ላይኛውንና ታችኛውን ይደምርና ነጥቡን የሆነ ቦታ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ 4/11ም 1.5 ነው፣ 11/4ም 1.5 ነው፣ ሁለቱ እኩል መሆናቸውም አላሳሰበውም። ለሁሉም ነገር ህግ አለው፣ ህጎቹን ከመልስ ቁልፉ ጋር እያስማማ ነው እዛ የደረሰው። አንድ ልጅ ነው፣ ሳምፕል ሳይዙ 1፣ ግን አንድን ሙሉ የምዘና ሲስተም ጥያቄ ውስጥ የከተተ 1 ነው። እኔ ይሄን ሳነብ የሚገርመኝ የቤኒ ነገር ሳይሆን የተመራማሪው ጥያቄ ነው፣ 4/11ን ከጠየቀ በኋላ ገልብጦ 11/4ን የጠየቀው እኮ ክፍልፋይ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው።

አሁን ደሞ በደንብ የተሰራ ነገር ላሳያችሁ፣ ከራሴ ሰፈር፣ ከፊዚክስ። በ1992 ሄስተኒስ፣ ዌልስና ስዋክሃመር የሚባሉ ሶስት ሰዎች ስለ ፎርስ ያለን ግንዛቤ የሚለካ የቾይስ ፈተና አሳተሙ። ሄስተኒስ የዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት ነው፣ ሁለቱ የሃይስኩል አስተማሪዎች ነበሩ፣ እና ይሄ ዝም ብሎ የሰዎቹ የስራ ታሪክ አይደለም፣ የፈተናው ምስጢር እሱ ነው። ፈተናው ላይ ስሌት የለም። አሁን በስራ ላይ ያለው 30 ጥያቄ ነው፣ ሁሉም በተራ ቋንቋ። አንዱ በኛ ሀገር አነጋገር ሲኖትራክና ባጃጅ ፊት ለፊት ቢጋጩ ማን ማንን በበለጠ ኃይል ይገፋል እንደማለት ነው። መልሱ እኩል ነው፣ የኒውተን ሶስተኛ ህግ፣ ማንኛውም ተማሪ "ለእያንዳንዱ አክሽን" ብሎ በቃሉ ይወርድላችኋል፣ ጥያቄው ሲመጣ ግን ሲኖትራኩን ይመርጣል። የተሳሳቱት ምርጫዎች ዝም ብሎ ቦታ ለመሙላት የገቡ አይደሉም፣ መነሻቸው ተማሪዎች ክፍት ጥያቄ ሲጠየቁ ራሳቸው የጻፏቸው መልሶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲሳሳት እንዴት እንደተሳሳተ ይታወቃል። ሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር እንኳን እንዲህ ያለ ፈተና ለተማሪዎቹ ሲሰጣቸው ደንግጦ ነው የማስተማር ዘዴውን የቀየረው።

ከዛ ሪቻርድ ሄክ በ1998 62 ኮርሶች፣ ከ6 ሺህ በላይ ተማሪ ሰብስቦ አወዳደረ። ተማሪው ሊያሻሽል ከሚችለው ውስጥ ስንቱን አሻሻለ ብሎ ነው የለካው። አስተማሪ እየተናገረ ተማሪ የሚጽፍባቸው ክፍሎች በአማካይ 0.23፣ ተማሪዎች እርስ በርስ የሚከራከሩባቸው 0.48። ዘዴው በጣም ቀላል ነው፣ ሁለት አማካይ፣ አንድ ማካፈል፣ በዛሬ ዓይን ኮንትሮል ቫሪያብሉ የት አለ ተብሎ ዲፌንስ ላይ ይወድቃል፣ ግን የፊዚክስ ትምህርት ላይ ያመጣው ለውጥ ከብዙ የተራቀቀ ሞዴል ይበልጣል። ለምን? ቁጥሩ የቆመበት ጥያቄ ጠንካራ ስለሆነ።

ደስ የሚለው ክርክር ግን በ1995 የመጣው ነው። ሃፍማንና ሄለር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የፈተናውን ዳታ ፋክተር አናሊሲስ ውስጥ ከተቱት (የትኞቹ ጥያቄዎች አብረው እንደሚሄዱ የሚያሳይ ዘዴ ነው)፣ ደራሲዎቹ ስድስት ዘርፍ አለው ያሉት ፈተና ስድስት ፋክተር አላወጣም፣ ጥያቄዎቹ ልል በሆነ መንገድ ነው የተያያዙት፣ ታዲያ ምንድነው የሚለካው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እነ ሄስተኒስም መለሱ፣ ወዲያና ወዲህ ተባባሉ። እኔ እንደሚገባኝ ፋክተር አናሊሲስ የሚያሳያችሁ ፈተናውን የሞሉት ልጆች ሀሳባቸው እንዴት እንደተያያዘ ነው፣ ፊዚክሱ እንዴት እንደተያያዘ አይደለም። ለኒውተን ሶስቱ ህጎች አንድ ነገር ናቸው፣ ለአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደሞ ሲኖትራኩ ሌላ፣ የተወረወረው ድንጋይ ሌላ፣ ሊፍቱ ሌላ ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያልተያያዘ ነገር ፋክተር ሆኖ ከየት ይምጣ? ይሄን ለመከራከር ስታቲስቲክሱንም ፊዚክሱንም የያዘ ሰው ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወይ ፈተናውን ይጥለዋል ወይ ፋክተር አናሊሲሱን ይጥለዋል።

የአስተማሪው እውቀትስ? እዚህ ላይ ለብዙ ዓመት አንድ አሰልቺ ውጤት ነበር፣ አስተማሪው ያለው ዲግሪ ወይም የወሰደው ኮርስ ብዛት ከተማሪው ውጤት ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ነው የሚል። ሰዎች ከዛ ተነስተው "ሳብጀክት ማወቅ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም" እስከማለት ደረሱ። እኛ ሀገር ዳታ ላይ እንዴት እንደሚገባ ታውቃላችሁ፣ ዲፕሎማ 1፣ ዲግሪ 2፣ ማስተርስ 3። ባዮሎጂ ተመርቆ አስተማሪ ስለጠፋ ፊዚክስ አስተምር የተባለው ሰውዬ 2 ነው፣ ፊዚክስን እስከ አጥንቱ የሚያውቀውም 2 ነው። ከዛ ሪግሬሽኑ ልዩነት የለም ሲል ምን ይገርማል።

ሊ ሹልማን በ1986 ነገሩን ሌላ መስመር ውስጥ አስገባው፣ ሳብጀክቱን ማወቅና ሳብጀክቱን ለማስተማር በሚሆን መልኩ ማወቅ ይለያያል ብሎ። ይሄን ወደ መለኪያ የቀየሩት ደሞ እነ ዴቦራ ቦል ናቸው፣ እሷ ራሷ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ጥያቄዎቻቸውን ብታዩዋቸው ትወዷቸዋላችሁ። ለምሳሌ ሶስት ተማሪዎች 35 ሲባዛ በ25ን በሶስት የተለያየ መንገድ ሰርተው ያመጣሉ፣ ሁሉም 875 ጽፈዋል፣ አስተማሪው የሚጠየቀው የማንኛው ዘዴ ለማንኛውም ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ይሰራል የሚለውን ነው። 875 ማምጣት ማንም ይችላል። የልጅን የተዘበራረቀ ደረጃ አይቶ "ይሄ ሁሌም ይሰራል፣ ይሄኛው ግን በዕድል ነው" ማለት ግን ሌላ እውቀት ነው፣ አስተማሪ ሆኖ ሰላሳ ደብተር ያረመ ሰው ያውቀዋል። በ2005 ሂል፣ ሮዋንና ቦል እንዲህ ባለ ፈተና የአስተማሪዎቹን እውቀት ለክተው የአንደኛና የሶስተኛ ክፍል ተማሪዎች ዕድገት ላይ ልዩነት እንደሚያመጣ አሳዩ። በ2010 ጀርመን ውስጥ ባውመርትና ጓደኞቹ ከንጹህ የሂሳብ እውቀት ይልቅ የማስተማር እውቀቱ የተማሪውን ዕድገት በተሻለ እንደሚገልጽ አገኙ። ፔሩ ላይ ሜትዝለርና ቮስማን በ2012 ያሳተሙት ደሞ ዲዛይኑ ራሱ ቆንጆ ነው፣ አንድ አስተማሪ ሂሳብም ንባብም ለአንድ ልጅ ያስተምራል፣ ስለዚህ ያንኑ ልጅ ከራሱ ጋር በሁለት ሳብጀክት ያወዳድሩታል፣ የአስተማሪው እውቀት በአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የውጤት መበታተን መለኪያ ነው) ከፍ ሲል የልጁ ሂሳብ በ9 ፐርሰንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከፍ ይላል፣ ንባብ ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ነገር አልታየም። ያው ለውጡ የት ላይ እንደሆነ ልብ በሉ፣ ቫሪያብሉ ከወረቀት ወደ እውቀት ሲቀየር ነው ነገሩ መታየት የጀመረው።

ወደኛ ሀገር እንምጣ። በኛ 2002 ዓ.ም. የተሰራ ትልቅ የንባብ ምዘና አለ፣ ኤግራ የሚባለው፣ በስድስት ቋንቋ፣ ሁለተኛና ሶስተኛ ክፍል ልጆች ላይ። ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንት ፊደል፣ ስንት ቃል ያነባል ነው ዋናው ነገር። ውጤቱ የሚያሳዝን ነበር፣ አንድም ቃል ማንበብ ያልቻሉ ብዙ ልጆች ተገኙ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ዜሮ በየትኛውም ቋንቋ ዜሮ ነው። ችግሩ ሰዎች ቁጥሩን ወስደው የአማርኛውን ከኦሮምኛው፣ ከሶማሊኛው፣ አልፎም ከእንግሊዝኛው ጋር በደቂቃ ቃል ሲያወዳድሩ ነው። "አልመጣችም" አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛ ላይ አራት ቃል ይሆናል። ቁቤ ላይ አናባቢው ሲረዝም ሁለቴ ይጻፋል፣ ፊደሉ ይበዛል፣ ልጁ ግን ድምጹን በትክክል እየተነገረው ነው። እኛ ፊደል ላይ "ለ" ስሟም ድምጿም ያው ነው፣ እንግሊዝኛ ላይ የፊደል ስምና የፊደል ድምጽ ሁለት የተለያዩ ክህሎቶች ናቸው፣ በሌላ በኩል የኛ ልጅ 26 ሳይሆን ከ200 በላይ ቅርጽ መያዝ አለበት። ጥብቀትና ላላትም አይጻፍም፣ "ገና" የሚል ቃል ብቻውን ካርድ ላይ ቢመጣ ልጁ በዓሉን ያንብብ ወይስ "ገና ነው" የሚለውን? ሁለቱም ልክ ነው፣ መዝጋቢው ግን አንዱን ብቻ ጠብቆ ከሆነ ልጁ ተቀነሰበት። የኤግራ ሰዎች ራሳቸው ቋንቋን ከቋንቋ አታወዳድሩ ይላሉ፣ ግን ሰንጠረዥ አንዴ ጎን ለጎን ከተቀመጠ ማን ይሰማል። ፊደል ያስቆጠረ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ይሄን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይነግራችሁ ነበር።

ያንግ ላይቭስ የሚባለውም ትልቅ ጥናት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አራት ሀገር ላይ 12 ሺህ ያህል ልጆችን ከሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚከታተለው፣ ስዕል እያሳየ የቃላት እውቀት የሚለካ ፈተና ተጠቅሟል። ፈተናው መጀመሪያ አሜሪካ ለእንግሊዝኛ የተሰራ ነው፣ ጥያቄዎቹም ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩት በዛ ሀገር ልጆች ነው። አንድ ስዕል ለዛ ልጅ ቀላል ስለሆነ ለገጠር የኛ ልጅ ቀላል ነው ማለት አይቻልም፣ የገጠሩ ልጅ በእጁ የሚያውቀው ነገር ደሞ ከከባዶቹ ጋር ተመድቦ ሊሆን ይችላል። ጥናቱን የሰሩት ሰዎች ይሄን ያውቃሉ፣ በቋንቋዎች መሀል ስለማወዳደር አስጠንቅቀዋል፣ ዳታውን አውርዶ የሚጠቀመው ሰው ግን የማስጠንቀቂያውን ገጽ ዘሎ ነው ወደ ፋይሉ የሚሄደው።

ማትሪክን ሳላነሳ አላልፍም፣ ባጭሩ። በኛ አቆጣጠር የ2014 ተፈታኞች 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ፐርሰንት፣ የ2015 3.2፣ የ2016 5.4፣ የ2017 8.4። ሰው ሁሉ ይሄን መስመር ስሎ ትምህርት ወደቀ፣ ትምህርት አንሰራራ ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን 50 የሚለው መስመር ያለው ልጁ ላይ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይም ነው። የ2017ቱ ፊዚክስ ላይ ስንቱ ጥያቄ ፎርሙላ ውስጥ ቁጥር መክተት ነበር፣ ስንቱ ማሰብ ይጠይቅ ነበር፣ ከ2016ቱ ጋር የተያያዘ የጋራ ጥያቄ ነበረው ወይ፣ ይሄን ሳብጀክቱን የሚያውቅ ሰው ሳይዘረዝርላችሁ ከ5.4 ወደ 8.4 የሄደው ተማሪው ይሁን ፈተናው በምን ታውቃላችሁ? ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረውም ከ2014 ተፈታኞች ስለሆነ ከዛ በፊት ካለው ጋር ማወዳደር ጭራሽ ሌላ ጣጣ ነው።

እስካሁን ሳብጀክት የሚያውቀውን ሰው በጣም አሞገስኩት መሰለኝ፣ ትንሽ ልቆንጥጠው። ኔታንና ኮዲንገር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሃይስኩል የሂሳብ አስተማሪዎችን ለተማሪ የቱ ይከብዳል ብለው ጠየቁ፣ የቃላት ጥያቄ ወይስ ቀጥታ እኩልታ? ለምሳሌ አንድ አስተናጋጅ 6 ሰዓት ሰርቶ፣ 60 ብር ጉርሻ አግኝቶ፣ በጠቅላላ 240 ብር ይዞ ከገባ በሰዓት ስንት ይከፈለዋል የሚለው፣ እና 6 ሲባዛ በኤክስ ሲደመር 60 እኩል ነው 240 የሚለው። አስተማሪዎቹ በብዛት የቃላቱ ይከብዳል አሉ፣ መጀመሪያ ወደ እኩልታ መቀየር አለበታ። ተማሪዎቹ ግን ታሪኩን ከእኩልታው በተሻለ ሰሩት፣ ከ240 ላይ 60 ቀንሶ ለ6 ማካፈል ኤክስ አይፈልግም። ሳብጀክቱን አብዝቶ ማወቅ እንዲህ ያሳውራል፣ ለኔ እኩልታ ቀላል ስለሆነ ለልጁም ቀላል ይመስለኛል። ይሄን የገለጠው ደሞ ቁጥር ነው፣ ዳታ። ስለዚህ "ሶስት ኤክስፐርቶች አይተውታል" የሚለው ብቻውን አያድናችሁም፣ በተለይ ኤክስፐርቶቹ ሶስት ፕሮፌሰሮች ሆነው አንዳቸውም ስድስተኛ ክፍል ገብተው ካላስተማሩ። (ብዙ ጊዜ ሶስቱ ኤክስፐርቶች ፎርም ላይ የፈረሙት ሻይ ቤት ነው፣ እሱን ግን አልጻፍኩም።)

ለዛ ነው ዳታ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር የማስቸግረው። ኤክሴል ላይ ስታስገቡ ትክክል 1፣ ስህተት 0 ብላችሁ አትምቱ። ልጁ የመረጠውን አስገቡ፣ ኤ ከሆነ ኤ፣ ዲ ከሆነ ዲ፣ እርማቱን ሶፍትዌሩ በሁለት ደቂቃ ይሰራላችኋል። አንድ ጥያቄ ላይ 60 ፐርሰንት ተማሪ ሳተ ብትሉኝ ምንም አልነገራችሁኝም። ከ60ው 52ቱ ቢን መርጠው ከሆነ ልጆቹ የሆነ ህግ ይዘዋል፣ ሄዳችሁ ሶስት አራቱን አናግሯቸው፣ ቤኒ እዛ ውስጥ አለ። 20፣ 20፣ 20 ተበታትነው ከሆነ ወይ ገምተዋል ወይ ጥያቄው አልተነበበላቸውም። ጎበዞቹ ብቻ ተለይተው ሲን ከመረጡ ደሞ የመልስ ቁልፋችሁን እንደገና ሰርታችሁ እዩት፣ አጋጥሞኛል፣ ቁልፉ ነበር የተሳሳተው። 0 እና 1 ካስገባችሁ በኋላ ግን ይሄ ሁሉ ጠፍቷል፣ ምንም ዓይነት ሞዴል አይመልሰውም። የመልስ ወረቀቶቹን ገና ካልጣላችሁ ካርቶኑን ከአልጋ ስር አውጡት፣ ለ390 ልጅ ሁለት ሰው ተጋግዞ ቅዳሜና እሁድ ይጨርሰዋል።